«ሁሉ ሙሉ ነው» ብዬ ዋሸሁ

ይህቺ ደብዳቤ የመጣችልኝ በ2012 ዓ.ም. ረመዳን፣ ኮሮና መስጂዶችን ባዘጋ ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ ኮልፌ ነው። መልሴም የዚያን ጊዜ ነው፤ «አሁን»ና «ዘንድሮ» ያልኩት ያን ዓመት ነው፣ ስለ ጭምብል፣ ስለ ሥራና ስለ ኪራይ ያነሳሁት ክልከላም የዚያን ጊዜ ነበር። ጸሐፊዋ 27 ዓመቷ ነው፣ ያደገችው ደሴ ነው። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ እሷን የሚያስታውቅ ነገርም አውጥቼበታለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኪ እህቴ። የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። ልብሱ ሲቀደድ ወይም ሰፊ ሲሆን የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ኮሮና ሲገባ ሠርግ ቀረ፣ ሱቁም ተዘጋ። የመጋቢትን ደመወዝ ግማሹን ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ‹እንደውላለን› ብቻ ነው። የምኖረው አንዲት ክርስቲያን እናት ግቢ ውስጥ፣ በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን ነው። ረመዳን ማለት ለእኔ መስጂድ ነበር። ተራዊህ (የረመዳን የሌሊት ሶላት) ሰግደን፣ እየተሳሳቅን፣ ተሰብስበን ነበር ወደ ቤት የምንመለሰው። አሁን ብቻዬን ስሰግድ ልቤ እንጨት ሆነብኝ። ረከዓ እቆጥራለሁ እንጂ የሰገድኩ አይመስለኝም። በቴሌግራም የሚላከው ድምፅ ሁሉ ‹ይሄ የአላህ ቅጣት ነው› ይላል። እኔ ምን አጥፍቼ ነው? እላለሁ። ባለፈው ከመስጂዳችን ሴቶች አንዷ ደውላ ‹አስቤዛ እያደረስን ነው፣ ምን ጎደለሽ?› ስትለኝ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ሙሉ ነው› ብዬ ዋሸሁ። ያን ቀን ያፈጠርኩት በሁለት ፍሬ ተምርና በሻይ ነው። እናቴ ደሴ ናት፤ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ‹ሳልጾም አልሞትም› ብላ እየጾመች ነው። ለኢድ አልመጣሽም ብላም ተቀይማኛለች። ልሂድ ወይስ ልቅር? ኢማኔስ ወዴት ሄደ?»

ወዐለይኪ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህቴ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ኢማንሽ፣ ስለ እምነትሽ ነው። እኔን ግን አላስተኛ ያለኝ ሁለቱ ፍሬ ተምር ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፤ የተራዊሁ ነገር ይደርሳል።

እኔም እንዳንቺ ዋሽቼ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ባለቤቴ ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠ ጊዜ። ሰው ሲመጣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻሼን አስተካክዬ «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» እል ነበር። አንድ ቀን ከጎን ያሉ ትልቅ ሴት በሬ ላይ ቆሙና «ልጄ፣ ከቤትሽ የሽንኩርት ሽታ ከጠፋ ስንት ቀኑ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ማታ በሳፋ ሸፍነው ሽሮና በርበሬ፣ በላዩም ግማሽ ሊትር ዘይት ይዘው መጡ። «ሳፋውን ነገ መልሺልኝ» አሉ፣ በቃ። ስለሌላው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ይሄን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? እኚያ ሴት ያወቁብኝ በአፍንጫቸው ነው። ድሮ ጀመዓው፣ አብሮሽ የሚሰግደው ሰው፣ አንቺንም እንዲሁ ነበር የሚያውቅሽ። በሶላት ሰልፍ (ሰፍ) ውስጥ ትከሻሽን ከትከሻዋ ገጥማ የምትቆመው ሴት መክሳትሽን ታያለች። ለማፍጠር አብረሽ ስትቀመጪ ሳምቡሳውን እንዴት እንደያዝሽው ታያለች። ቀርተሽ እንደሆነ «የት ሄደች?» ትላለች። አፍሽን ሳትከፍቺ ሰው ይደርስልሽ ነበር። አሁን መስጂዱ ሲዘጋ የተዘጋው ያ ዓይን ነው። የደወለችልሽ ሴት ያላት ስልክ ብቻ ነው። ሙሉ ነው ካልሻት ሙሉ ነው ብላ ወደ ቀጣዩ ስም ታልፋለች። ምን ታድርግ?

በቁርኣን ስለ እንዳንቺ ዓይነቱ ሰው ተነግሯል። ሱረቱል በቀራህ ላይ፣ 273ኛው አንቀጽ። ከመለመን ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ናቸው ብሎ ያስባቸዋል፣ በምልክታቸው ታውቃቸዋለህ፣ ሰውን ችክ ብለው አይለምኑም ይላል። እየው እንግዲህ፤ ጨዋነትሽ የተመሰገነ ነው። ግን አንቀጹ ሰጪውንም «ምልክቱን ፈልግ» እያለው ነው። በስልክ ምልክት አይታይም። ዘንድሮ ምልክቱ ድምፅሽ ነው።

ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ አንብበሽ ሳትጨርሺ ደውይላት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ያን ቀን አፍሬ ነው፤ ዱቄትና ዘይት ያስፈልገኛል» በያት። ለምን እንደዋሸሽ ማብራራት ውስጥ አትግቢ፤ እሷም አትጠይቅሽም፤ ከጠየቀችሽ የእሷ ጉድለት ነው። እጅሽ መርፌ የለመደ መሆኑንም ንገሪያት። አሁን ያለ ጭምብል መንገድ መውጣት ክልክል ነው። አስቤዛ የሚያዞሩት ልጆች ለራሳቸውም፣ ለሚያንኳኩት ቤትም ጭምብል ያስፈልጋቸዋል። ጨርቅና ላስቲክ ካመጡልሽ አንቺ ትሰፊያለሽ። ዱቄቱን ለመክፈል ብለሽ ግን እንዳይሆን። ዱቄቱ ሐቅሽ ነው። ስፌቱ ቀን ቀን ሐሳብ እንዳይበላሽ ነው።

ስለ ሐቅ ካነሳን አይቀር ዘካተል ፊጥርን (የጾም መፍቻ ምጽዋትን) አትርሺ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁና የማይሞላ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን እህል ከኢድ ሶላት በፊት ይወጣል። ሌላ ዓመት አንቺ ነበርሽ የምትሰጪው። ዘንድሮ ተቀባይ ብትሆኚ ሃይማኖትሽ ላይ የጎደለ ነገር የለም። የኢድ ዋዜማ ደግሞ ከራስሽ ተርፎ ከተገኘ ትሰጫለሽ። በአንድ ሌሊት ተቀባይም ሰጪም የሆነ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አንድ የወረቀት ነገርም ላንሳ፣ ቶሎ ልለፈው። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪ ሠራተኛ እንዳይቀንስ፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክላል። አከራይሽ ይሄን ያደርጋሉ ማለቴ አይደለም፤ ከደብዳቤሽ ደግ ሰው ይመስሉኛል። ቀጣሪዎችሽ ግን «እንደውላለን» ብለው እንዳይረሱሽ አንቺው ደውይ። በትሕትና፣ ግን ደውይ።

አሁን ወደ ልብሽ እንምጣ።

መስጂዶች በተዘጉ ሰሞን እኔም አላረፍኩም። አንድ አመሻሽ ላይ ምንም ሥራ ሳይኖረኝ በሰፈራችን መስጂድ በኩል አለፍኩ። መግሪብ አዛን ሲባል በሩ ላይ ነበርኩ። የሙአዚኑ ድምፅ ያው የማውቀው ነው። በፍርግርጉ ሳይ የጫማ መደርደሪያው ባዶ ነው። ከታች አንድ ጥንድ ፕላስቲክ ጫማ ብቻ፣ የራሱ የሙአዚኑ መሆን አለበት። ስንት ዓመት ጫማዬ ጠፋ ብዬ እዚያ መደርደሪያ ሥር ስነታረክ ኖሬያለሁ! ያን ቀን የሰው ጫማ ናፈቀኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ጥበቃው አይተውኝ ዞር አሉልኝ።

ታዲያ አንቺ «ኢማኔ ወዴት ሄደ» ስትዪ እኔ የሚሰማኝ ኢማን ያጣ ሰው ድምፅ አይደለም። ናፍቆት ነው። ኢማን የሌለው ሰው ተራዊህ ቀረብኝ ብሎ አይብሰከሰክም፤ ተገላገልኩ ብሎ ይተኛል።

ደግሞ ተራዊህ ራሱ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ረሱል፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በመስጂድ ጥቂት ሌሊት ሰገዱ፣ ሰዉ ከኋላቸው እየበዛ ሲመጣ ግዴታ እንዳይሆንባቸው ሰግተው በቀጣዩ ሌሊት አልወጡም። ሰዎችን በአንድ ኢማም፣ በኡበይ ኢብኑ ከዕብ ኋላ የሰበሰቧቸው ከሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ናቸው፣ በኋላ ጊዜ። እና በቤትሽ የምትሰግጂው የተራዊህ ቅሪት ወይም ምትክ አይደለም። እሱም ራሱ ተራዊህ ነው። ዘንድሮ፣ በ2012፣ መካ በታላቁ መስጂድ በሐረም ውስጥ እንኳ በሩ ለሕዝብ ተዘግቶ፣ እዚያው ያሉ ሠራተኞችና ኢማሞች ብቻ 10 ረከዓ እየሰገዱ ነው። ካዕባ ፊት ለፊት ባዶ ወለል ይታያል። ያ ምስል ያስለቀሰው ሰው ብዙ ነው፤ እኔን ግን አንድ ነገር አቀለለልኝ፤ ለካ የቀረው የእኔ ብቻ አይደለም።

ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስም (የረሱል ንግግር) አለ። ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ፣ ጤነኛና አገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው ሥራ ይጻፍለታል ይላል። የመስጂድ መንገድሽን እግርሽ ስላልረገጠው ብቻ የሚሰረዝ አድርገሽ አታስቢው።

ልብ እንጨት ሲሆን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። 20 ረከዓ ልሙላ ብዬ አልሯሯጥም። 8 እሰግዳለሁ፣ አንዳንዴም ከዚያ አንሳለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ። ድምፄን ለራሴ በሚሰማ ልክ ከፍ አደርጋለሁ፤ ዝም ባለ ቤት ውስጥ የራስ ድምፅ ሰው ያህል ነው። መስገጃዬን ከአዛኑ በፊት አነጥፋለሁ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። ደግሞ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ በዐማርኛ አወራለሁ። ከሶላት ውጭ ዱዓ የምታደርጊበት ጊዜ ካለሽማ በወሎኛሽ አውሪው፤ እናትሽ ጀበና ጥደው አላህን እንደሚያዋሩት። የፊቅሁን (የሃይማኖት ሕጉን) ዝርዝር፣ ከግቢሽ ሙስሊም ሴት ካለች አብራችሁ እንዴት እንደምትሰግዱ፣ የሰፈራችሁን ኡስታዝ በስልክ ጠይቂ። እሳቸውም ተማሪ ናፍቋቸዋል፣ እመኚኝ።

ስለ ቴሌግራሙ ድምፅ ቁጣዬን አልደብቅም። ሰው በፍርሃት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሳለ «ቅጣት ነው» እያሉ ድምፅ መላክ ምን ይባላል? ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ወረርሽኝ ጠይቀው ረሱል የመለሱላቸው፣ አላህ በሻው ላይ ይልከው የነበረ ቅጣት እንደሆነና ለምእመናን ግን እዝነት እንዳደረገው ነው። በወረርሽኝ ጊዜ አላህ የጻፈው እንጂ ሌላ እንደማያገኘው አውቆ፣ ታግሶ ባለበት የተቀመጠ ሰው የሸሂድ (የሰማዕት) ምንዳ አለው ይላል ሐዲሱ። ድምፁን የሚልኩት ሰዎች የመጀመሪያዋን ግማሽ ይዘው ሁለተኛዋን ይጥላሉ። ከዚያ ግሩፕ ውጪ። ዛሬውኑ።

ይሄ ሐዲስ ወደ ደሴው ጥያቄሽ ያመጣኛል።

በ18 ዓመተ ሂጅራ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ውስጥ የዓምዋስ ወረርሽኝ ገባ። ዑመር ወደ ሻም እየሄዱ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወሬው ደረሳቸው። ተመካከሩና ለመመለስ ወሰኑ። የሻም ጦር አዛዥ የነበሩት አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ቀደር (ውሳኔ) ልትሸሽ ነው?» አሏቸው። ዑመርም «አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር» አሉ። ግመሎችህን ይዘህ አንድ ወገኑ ለምለም፣ አንድ ወገኑ ደረቅ ሸለቆ ብትገባ፣ የቱም ጋ ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለም ወይ? አሏቸው። ኋላ ዓብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ከረሱል የሰሙትን ነገሩ፤ ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ፣ ያላችሁበት አገር ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። በዚያ ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳም ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም አለፉ። ከእነሱ በኋላ ኃላፊነቱን የያዙት ዓምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡን ወደ ተራራ እንዲበተን አደረጉ። «ተራርቃችሁ ቁሙ» የሚለው ነገር ዛሬ የተፈጠረ እንዳይመስልሽ።

አንቺ ያለሽው በሽታው በአገራችን መጀመሪያ በታየበት ከተማ ነው። እናትሽ ስኳር አለባቸው። ተሳፋሪው ግማሽ ሆነ ዋጋው እጥፍ፣ መኪናው ተገኘ እንበል። ሳይታወቅሽ ይዘሽው ብትሄጂና እጃቸውን ብትስሚ? አትሂጂ። ይሄን ሳልወላውል ነው የምልሽ።

ሲቀየሙሽ ግን «ኮሮና አለ» ብለሽ አትከራከሪያቸው። እናት በመረጃ አትሸነፍም። ይልቅ በየቀኑ ለመግሪብ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደውይ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ የሁለታችሁንም አዛን ስሙ፤ የደሴው ከኮልፌው ትንሽ ሊቀድም ይችላልና «እኔ አፈጠርኩ፣ አንቺ ገና ነሽ» እያሉ ይስቁብሽ። ካርድ ከሌለሽ እሳቸው ይደውሉ፣ ለዚህ አትፈሪ።

የጾሙ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪም ሳያማክር ሲጾም ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ያኔውኑ አፍጥረው ስኳር ያለው ነገር መጠጣት አለባቸው። አብሯቸው ያለ ሰው ይሄን ይወቅ። ቁርኣኑ በሽተኛን ይቅር ብሎታል፤ እዚያው በቀራህ ላይ፣ 184 እና 185። ሕመሙ የማይድን ለሆነ ሰው በጾሙ ፈንታ ለአንድ ቀን አንድ ድኻ ማብላት አለ። ይሄን አንቺ ብትነግሪያቸው «ልጅ ሆነሽ ታስተምሪኛለሽ?» ነው የሚሉሽ፣ የወሎ እናት አውቃለሁ። የሚያከብሯቸውን ሸይኽ ፈልጊ። በልጅነትሽ ቁርኣን ያቀሩሽ ሰው ካሉ እሳቸው ይደውሉላቸው። ሸይኹ «የአላህን ስጦታ አትመልሺ» ካሏቸው ጉዳዩ አለቀ። መጀመሪያ ግን ሐኪማቸውን አግኙ፤ ሸይኹም ሐኪሙ ያለውን ይዘው ነው የሚናገሩት።

ኢዱን በተመለከተ ጨረቃ እንደታየችው ግንቦት 15 ወይም 16 ቀን 2012 ነው። ስታዲየም የለም፣ ታጥበሽ ለብሰሽ ቤትሽ ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ የኢድ ሶላት ሲያመልጣቸው ቤተሰባቸውን ሰብስበው ቤታቸው ይሰግዱ ነበር። አዲስ ልብስ ባይኖርሽም የታጠበና የተተኮሰ ልበሺ። ሙሽራ አልባሽ የነበርሽ ሰው ይሄ አያቅትሽም።

በመጨረሻ አንድ ሥራ እሰጥሻለሁ። አከራይሽ እኮ ባለፈው ሚያዝያ 11 ፋሲካን ቤታቸው ሆነው ነው ያሳለፉት። ያን ሁሉ ሁዳዴ ጾመው፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያዩ። አንቺ አሁን የሚሰማሽን እሳቸው ከሳምንታት በፊት ቀምሰውታል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሳይሆን ከግድግዳሽ ወዲያ። ረሱል ለአቡ ዘር «መረቅ ስትሠራ ውኃውን አብዛው፣ ጎረቤትህንም አስብ» ብለዋቸዋል። ሥጋ አብዛ አላሉም፤ ውኃ ነው ያሉት። አስቤዛው ሲመጣልሽ የአጃ ሾርባ ሥሪ፣ ሁለት ኩባያ ውኃ ጨምሪበት፣ ከአዛኑ በፊት አንድ ሳህን ይዘሽ በራቸውን አንኳኪ። ጭምብልሽን አድርገሽ፣ ደፉ ላይ አስቀምጠሽ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በይ።

ሳህኑን ባዶውን እንደማይመልሱት እወራረዳለሁ። ምን አድርገውበት እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ።